ማን ይጽፋል? ማን ይሰርዛል?

(ስለ ነባሩና በብሎክቼይን ላይ ስለ ቆመው የማኅበራዊ መገናኛ መድረክ)

ባለፈው መንፈቀ ዓመት በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነሣውን ክርክር ያልሰማ ተማሪ በግቢያችን የሚገኝ አይመስለንም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማኅበራችን በአንድ የማኅበራዊ መገናኛ መድረክ ላይ ለስድስት ዓመት ሲጠቀምበት የኖረው ገጽ በአንዲት ሌሊት ተዘጋ። ቃለ ጉባኤው፥ የምረቃው ፎቶግራፍ፥ ከቀደሙን ተማሪዎች በውርስ ያገኘነው የፈተና ጥያቄና የትምህርት ማስታወሻ ሁሉ አብሮ ጠፋ። ጸሐፊያችን አቤት ቢል የመለሰለት ሰው ሳይሆን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። መልሱም «ደንብ ስለ ጣሳችሁ» የሚል ነበር፤ የትኛውን ደንብ በየትኛው ጽሑፍ እንደ ጣስን ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

በስብሰባው ላይ አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ተነሥቶ «እንግዲህ ማንም ሊዘጋው፥ ማንም ሊሰርዘው ወደማይችል መድረክ እንሂድ፤ እሱም በብሎክቼይን ላይ የተሠራው ነው» ሲል ሐሳብ አቀረበ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ከኋላ ወንበር አንዲት የሕግ ተማሪ ተነሥታ «ማንም ሊሰርዘው የማይችል ከሆነ፥ ነገ ስሜን የሚያጠፋ ወይም የአንዱን ብሔር ልጅ ከግቢ ውጣ የሚል ጽሑፍ ቢወጣበት ለማን አቤት እላለሁ?» ብላ ጠየቀች። በዚያ ቀን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ አልነበረም፤ ውሳኔውም ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እኛ የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሁለቱ ዓይነት መድረኮች ምን እንደ ሆኑ፥ እንዴት እንደሚሠሩ፥ በምንስ እንደሚለያዩ ሁላችንም አውቀን እንድንወስን በማሰብ ነው።

ነባሩ መድረክ

ፌስቡክ፥ ቲክቶክና እነዚህን የመሳሰሉት መድረኮች በአሠራራቸው የተለያዩ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም መዝገቡ የአንድ ኩባንያ ንብረት መሆኑ ነው። እኛ የምንጽፈው ሁሉ የሚቀመጠው በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ውስጥ ነው። የትኛው ጽሑፍ ለማን እንደሚታይ፥ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሚሆን፥ የትኛውስ እንደሚሰረዝ የሚወስነው ያው ባለቤቱ ነው። እኛ ተከራዮች ነን ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያውም ኪራዩን በገንዘብ ሳይሆን በዓይናችን የምንከፍል ተከራዮች ነን። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 ያስገባው ገንዘብ ከ160 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፥ የገቢው ምንጭ ከሞላ ጎደል ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው ደግሞ ሰው መድረኩ ላይ ብዙ ሲቆይ ነው። ሰውን የሚያቆየውም ብዙ ጊዜ የሚያስቆጣው ነገር ነው።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዶ ትችት አይደለም። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር፥ የኩባንያው የጽሑፍ አመራረጥ ስልት የብሔር ግጭትን ያባብሳል ስትል በስም ከጠራቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ወር ሳይሞላው፥ በጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ አንድ መምህር በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውን፥ ፎቶግራፋቸውንና የሚኖሩበትን ሰፈር የሚገልጡ የጥላቻ ጽሑፎች በፌስቡክ ላይ ወጥተው ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ማመልከቱን፥ መልስ ያገኘው ግን አባቱ ከተገደሉ በኋላ መሆኑን ገልጦ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከሳሾች ጋር በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

እንግዲህ የነባሩ መድረክ እንቆቅልሽ ይህ ነው፤ የመሰረዣው ላጲስ አለ፤ ያለው ግን ከእኛ በራቀ፥ ቋንቋችንን በቅጡ በማያነብ እጅ ነው። የማኅበራችንን ገጽ ያለ ጥፋቱ ዘጋ፤ መዘጋት የነበረበትን ደግሞ በጊዜው ሳይዘጋ ቀረ።

ብሎክቼይን ምንድን ነው?

ነገሩን በሰፈር እድር ምሳሌ ብናስረዳ ይቀላል። በታቦር ተራራ ግርጌ አንድ እድር አለ እንበል። መዝገቡን የሚይዘው ጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ክፉ ቢሆን፥ ወይም መዝገቡ ቢቃጠል፥ ማን ከፍሏል ማን አልከፈለም የሚለው ነገር ሁሉ ጭቅጭቅ ይሆናል። አባላቱ ይህን ፈርተው አዲስ ሥርዓት አወጡ። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ አባል በቤቱ የመዝገቡ ሙሉ ቅጂ ይኖረዋል፤ የተከፈለውና የተወሰነው በጉባኤ ይነበባል፤ ሁሉም በየመዝገቡ ይጽፋል።

በዚህ ላይ አንድ ብልሃት ጨመሩ። አንድ ገጽ ሲሞላ በገጹ ላይ ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች ሁሉ በሒሳብ አንድ ቁጥር ያወጣሉ፤ ይህም የገጹ የጣት አሻራ ነው። ቁጥሩንም በሚቀጥለው ገጽ ራስጌ ላይ ይጽፉታል። አንድ ሰው በ10ኛው ገጽ ላይ አንዲት ፊደል ቢለውጥ የ10ኛው ገጽ አሻራ ይለወጣል፤ በ11ኛው ገጽ ራስጌ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። ያንን ልጠግን ቢል የ11ኛው ይለወጣል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ገጽ ይዘልቃል። ይህንንም ሁሉ ደክሞ ቢጨርስ የለወጠው የራሱን ቅጂ ብቻ ነው፤ በጎረቤቶቹ ቤት ያለው ቅጂ ያጋልጠዋል።

ብሎክቼይን ማለት ይኸው ነው። ብሎክ የተባለው ገጹ ነው፤ ቼይን ማለትም ሰንሰለት የተባለው ገጾቹን የሚያያይዘው አሻራ ነው። ጎረቤቶቹ ደግሞ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ይህ ስልት መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በተሠራውና በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. በተጀመረው ቢትኮይን በተባለው የዲጂታል ገንዘብ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ የሚቀጥለውን ገጽ የሚጽፈው ማን ነው? በቢትኮይን ዘንድ ገጹን የሚጽፈው ብዙ ኤሌክትሪክ አቃጥሎ የሒሳብ እንቆቅልሽ ቀድሞ የፈታ ነው። የኃይላችን ዋጋ ርካሽ መሆኑን አይተው የውጭ ባለሀብቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን ወደ አገራችን ያመጡት ለዚህ ነው። በሌሎቹ ዘንድ ደግሞ ሥልጣኑ የሚገኘው በተያዘው የሳንቲም ብዛት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ላይ የቆመው መድረክ

ከነዚህ መድረኮች በብዙ ሰው ዘንድ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ስቲሚት ነው። ሰው የጻፈው ጽሑፍ፥ የሰጠው አስተያየትና ድምፅ ስቲም በተባለው ብሎክቼይን ላይ ይመዘገባል። አንባቢ ድምፅ ሲሰጥ ለጸሐፊው በሰባት ቀን ውስጥ የሚታሰብ የስቲም ሳንቲም ይከፈለዋል። ነገር ግን የሁሉም ድምፅ እኩል አይደለም፤ ብዙ ሳንቲም ያስቀመጠ ሰው ድምፁ ይከብዳል። ከዚያ በኋላ የተነሡት፥ እንደ ፋርካስተር ያሉት፥ በብሎክቼይን ላይ የሚያኖሩት የባለቤትነትን መታወቂያ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ግን ከዚያ ውጭ በልዩ ልዩ ሰዎች ኮምፒዩተሮች ይቀመጣል።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እንመልከታቸው።

1ኛ፤ ስለ መሰረዝ። በነባሩ መድረክ ላይ አንድ ሰው የጻፈውን ሊሰርዝ፥ ኩባንያውም ሊሰርዝበት ይችላል። በስቲም ላይ ግን ጸሐፊው ጽሑፉን ቢያርም እንኳ የቀድሞው ቃል በመዝገቡ ውስጥ ይኖራል። ድረ ገጹ ሊደብቀው ይችላል፤ ይህ በመስኮት ላይ መጋረጃ እንደ መጣል ነው እንጂ የቤቱን ዕቃ ማውጣት አይደለም። አበው «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ፤ ይህ ቴክኒክ ተረቱን ሕግ አደረገው። በሌላ በኩል ግን ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው ይህ ታላቅ ጥቅም አለው። ዛሬ አንድ ሹም የሰጠውን ተስፋ ነገ አልተናገርሁም ሊል አይችልም።

2ኛ፤ ስለ ቁልፍ። በነባሩ መድረክ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ኩባንያውን ይጠይቃል፤ ይመለስለታል። በብሎክቼይን ላይ ግን ባለቤትነቱን የሚያረጋግጠው ረጅም ምሥጢራዊ ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ አቤት የሚባልበት ደጃፍ የለም። ስልኩን በመናኸሪያ የተሰረቀ ተማሪ ከመካከላችን ስንት እንደ ሆነ እናውቃለን። የማኅበሩን ቁልፍ አንድ ጸሐፊ ብቻ ይዞ ቢመረቅስ?

3ኛ፤ ስለ ገንዘብ። ነባሩ በነፃ ያስገባል፤ ግን ኑሯችንን እየቆጠረ ለአስታዋቂ ይሸጣል። አዲሱ ለጸሐፊው እከፍላለሁ ይላል፤ የሚከፍለው ግን ዋጋው በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሳንቲም ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በእንዲህ ያለው ገንዘብ በአገር ውስጥ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ተማሪ በጽሑፉ ከብሮ ይመረቃል የሚለውን ስብከት በጥንቃቄ መስማት ይገባል።

4ኛ፤ ስለ ሥልጣን። በስብሰባችን ላይ «ባለቤት የሌለው መድረክ» የሚል ቃል በተደጋጋሚ ተሰምቷል። ይህ ቃል እውነት መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ስላለ ዘርዘር አድርገን እንናገረዋለን።

የስቲምና የሃይቭ ታሪክ

የስቲምን መዝገብ የሚጽፉት በባለ ሳንቲሞች ድምፅ የሚመረጡ «ምስክሮች» ሲሆኑ፥ ዋናዎቹ 20 ናቸው። የስቲሚት ኩባንያ ገና ከጅምሩ ለራሱ እጅግ ብዙ ሳንቲም ይዞ ነበር፤ ሆኖም በዚህ ሳንቲም መድረኩን እናሳድግበታለን እንጂ ድምፅ አንሰጥበትም የሚል ቃል ተሰጥቶ ነበር። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ጀስቲን ሰን የተባለ የዲጂታል ገንዘብ ነጋዴ ኩባንያውን ከነሳንቲሙ ገዛው። ምስክሮቹ ይህ ሰው መንግሥቱን ይወስድብናል ብለው ፈሩና ሳንቲሙ ለጊዜው ድምፅ እንዳይሰጥ አገዱት።

ነጋዴውም በመጋቢት መጀመሪያ አጸፋውን መለሰ። ባይናንስ፥ ሁዎቢና ፖሎኒክስ የተባሉት የሳንቲም ገበያዎች ደንበኞቻቸው በአደራ ያስቀመጡትን ሳንቲም አምጥተው ከእሱ ጎን ድምፅ ሰጡ። በዚያ ድምፅ 20ዎቹም ምስክሮች ወርደው በእሱ ሰዎች ተተኩ። አንባቢ ሆይ፥ የእድርተኛውን ተቀማጭ የያዘ ባንክ ባስቀማጮቹ ስም ገብቶ የእድሩን ዳኛ ሲሽር ይታይህ!

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። መዝገቡ በሁሉም እጅ ስለ ነበረ የተሸነፉት አባላት በመጋቢት 20 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሙሉውን ገልብጠው፥ የኩባንያውን ሳንቲም አስቀርተው፥ ሃይቭ የሚል አዲስ ብሎክቼይን ከፈቱ። የቀደመው ጽሑፋቸው፥ ስማቸውና ወዳጆቻቸው ሁሉ አብረዋቸው ተሻገሩ። ይህ በነባሩ መድረክ ላይ ከቶ የማይሆን ነገር ነው። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በስቲም የቀሩት አዲሶቹ ምስክሮች የ64 ሒሳቦችን ሳንቲም በድምፃቸው ወሰዱ። አይነካም፥ አይለወጥም የተባለው መዝገብ የሚጽፉት እጆች ሲስማሙ ይለወጥ ኖሯል!

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ባለቤት የሌለው መድረክ የለም፤ ያለው ባለቤቱ የሚለዋወጥ መድረክ ነው፤ ድምፅ በሳንቲም ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ ባለጸጋው ነው። ሁለተኛው፥ የመዝገቡን ቅጂ የያዘ ሰው ቢሸነፍም መዝገቡን ይዞ መውጣት ይችላል። የብሎክቼይን እውነተኛ በረከት አለመሰረዙ ሳይሆን ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ሁለቱም በአንድ ሽቦ ላይ ናቸው

«ማንም ሊዘጋው አይችልም» የሚለውም ቃል መታረም አለበት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ሲባል ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘግተው ነበር። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በኋላ፥ እንዲሁም ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለበት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በመላው አገር ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋርጧል፤ የኋለኛው ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፥ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ታግደዋል። ሽቦው ሲቆረጥ መዝገቡ በሺህ አገር ቢቀመጥ ለሐዋሳ ተማሪ ምን ይፈይድለታል? በመድረክ ላይ የሚደረግ እገዳን አዲሱ ዓይነት ሊያመልጥ ይችል ይሆናል፤ የመስመር መቋረጥን ግን አንዱም አያመልጥም።

ሕጉንም ማስታወስ ያስፈልጋል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የመድረክ ባለቤቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ ያዛል። በብሎክቼይን ላይ ይህ ጥቆማ የሚደርሰው ለማን ነው? ማንሣት የሚችል ባይኖር እንኳ የጻፈው ሰው ግን ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የሕግ ተማሪዋን እኅታችንን ጥያቄ እንደ ገና እናንሣው። የምንኖርባት ሐዋሳ በሰኔ 2010 ዓ.ም.ና በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በተነሡት ሁከቶች የሰው ሕይወት የጠፋባት ከተማ ናት። የግቢያችን ተማሪ ከየክልሉ የመጣ፥ በአንድ ዶርም ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር ነው። አንዲት የሐሰት ወሬ እዚህ ከምሳ እስከ እራት ምን እንደምታደርስ ለእናንተ አንነግራችሁም። እንዲህ ባለ ስፍራ ላጲስ የሌለው ሰሌዳ መትከል ድፍረት ነው። ላጲሱን ሩቅ አገር ላለ ባለቤት ብቻ መስጠትም እንደማያዋጣ የተዘጋው ገጻችን ምስክር ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ጭውውታችንና ማስታወቂያችን ሰው በሚበዛበት በነባሩ መድረክ ላይ ይቀጥል፤ ነገር ግን ቁልፉ በአንድ ጸሐፊ እጅ ሳይሆን በሦስት ሰዎች እጅ ይሁን። በማኅበሩ ስም የሚወጣውን የሚመለከት፥ የተበደለ ሰው ፊት ለፊት አቤት የሚልበት፥ ሲዳምኛ፥ አማርኛ፥ ኦሮምኛና ወላይትኛ የሚያነቡ ተማሪዎች ያሉበት ኮሚቴ ይመረጥ። ያንን ሥራ ከናይሮቢም ከካሊፎርኒያም የሚሠራልን የለም።

ቃለ ጉባኤው፥ ማስታወሻውና ፎቶግራፉ ደግሞ በየወሩ ይገልበጥ፤ አንዱ ቅጂ በማኅበሩ ቢሮ፥ አንዱ በቤተ መጻሕፍት፥ አንዱ ከግቢ ውጭ ይቀመጥ። ይህ ከብሎክቼይን የተማርነው ነው፤ ለመሥራት ግን ሳንቲም አያስፈልገውም።

ብሎክቼይን ራሱስ? በጭራሽ አንፈልገውም አላልንም። መንግሥታችን በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት መረጃ በዚህ ስልት ለመመዝገብ ከአንድ የውጭ ድርጅት ጋር መስማማቱ ይፋ ሆኖ ነበር። ሐሳቡ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘ ነው፤ የፈተና ውጤት እንዳይሰረዝ የምንፈልገው ነገር ነውና። እኛም የማኅበራችንን የምርጫ ውጤትና የጸደቀ ቃለ ጉባኤ የጣት አሻራ ብቻ፥ ጽሑፉን ሳይሆን ያችን ቁጥር፥ በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ብናሳርፍ ነገ ማንም ኮሚቴ ቃለ ጉባኤውን ለውጦ ሊክደን አይችልም። የኮምፒዩተር ሳይንስ ወንድማችን ይህን ለማሳየት ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮናል፤ ምስጋናችን ይድረሰው።

በአጭሩ፥ በሙሉ ጉባኤ ያጸደቅነው አይሰረዝ፤ በቁጣ የተናገርነው ግን የሚታረምበት በር ይኑረው፤ የበሩም ቁልፍ በተበደለው ሰው አቅራቢያ ይሁን። የሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ ይህ ነው። ተቃውሞ ያለው አንባቢ ጽሑፉን ወደ መጽሔቱ ቢሮ ያምጣልን፤ በሚቀጥለው እትም ሳንሰርዝ እናወጣለታለን።